ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ

አባቴ ባረፈ በዓመቱ የቤቱን ካርታ ፍለጋ ሣጥኑን ስንከፍት፣ ከወረቀቶቹ ሁሉ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ቢጫ ካርቶን አገኘን። ከውስጧ መዳፍ የማትሞላ የፕላስቲክ ጥቅል ወጣች፤ በላይዋ ከጫማ ክር ብዙም የማይሰፋ ፊልም ተጠምጥሟል። እናቴ ገና ስታያት «የፈረንጁ ናት» አለች። አባቴ በጉርምስናው ባሕር ዳር ያስተምር ለነበረ አንድ የውጭ አገር መምህር ይላላክ እንደ ነበር ሰምቼ አውቃለሁ። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ይህቺን ትቶለት ሄደ። በቤታችን ፕሮጀክተር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅምና፣ አባቴ ፊልሙን ሃምሳ ዓመት ሲያስቀምጠው አንድም ቀን አላየውም። ታዲያ ለምን አስቀመጠው? ይህን የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ፊርማ ከፊርማ ሳመሳክር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ስለ ፊልም ግን የማውቀው ነገር አልነበረም። እነሆ፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ አንዲትን ጥቅል ወደ ዲጂታል ለማስገልበጥ ስንከራተት የለቃቀምኩት ታሪክ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እጨምርበታለሁ።

ፊልም የሀብታምና የመንግሥት ዕቃ ሆኖ ብዙ ጊዜ ቆይቷል። ኮዳክ በ1923 የ16 ሚሊ ሜትሩን ፊልም ሲያወጣ ካሜራ ከስቱዲዮ ወደ ሳሎን የሚገባበት በር ተከፈተ፤ በ1932 የ8 ሚሊ ሜትሩ ሲከተል ደግሞ መካከለኛ ገቢ ያለው የምዕራብ ሰው የልጁን ልደትና የዕረፍት ጉዞውን መቅረጽ ጀመረ። (በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ስለ ሲኒማችን ታሪክ የጻፉ ብዙዎች በ1909 በ16 ሚሊ ሜትር ስለ ተቀረጸ የአጤ ምኒልክ አጭር ፊልም ያወሳሉ። 16 ሚሊ ሜትር ከ1923 በፊት በገበያ ካልነበረ፣ ወይ ዓመቱ ወይ ልኩ ተሳስቷል ማለት ነው። አንዱ ከሌላው እየቀዳ እዚህ ደርሰናል።) በ1965 ሱፐር 8 የተባለው መጣ። ፊልሙ በካሴት ውስጥ ታሽጎ ይሸጣል፤ ካሜራው ውስጥ ጨምሮ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ቁመቱ 50 ጫማ፣ 15 ሜትር ገደማ ነው። በላዩ 3,600 ጥቃቅን ምስሎች ይሰፍራሉ፤ በሰከንድ 18 ሲያልፉ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይሞላል። አንዱ ካሴት ይኸው ነው። ስለዚህ ቀራጩ ይቆጥባል፤ እዚህ ስድስት ሰከንድ፣ እዚያ ዐሥር ሰከንድ። ዛሬ በስልካችን አንድ ሰዓት ሙሉ ቀርጸን መልሰን ለማናየው ለእኛ ይህ ቁጠባ እንግዳ ነው። ግጥም ለሚሞክር ሰው ግን አይከብድም፤ የቤት መምታትና የቤት መድፋት ጭንቀት ያለበት ሁሉ ይገባዋል።

የእኛ ጥቅል ዕድሜዋን በጠርዟ ጽፋ ይዛለች። ኮዳክ በፊልሙ ዳር ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን የመሳሰሉ ጥቃቅን ቅርጾችን ያትም ነበር፤ ፊልሙ የተመረተበት ዓመት ምልክት ናቸው። ችግሩ ምልክቱ በየሃያ ዓመቱ መደገሙ ነው። የእኛው 1947፣ 1967 ወይም 1987 ሊሆን ይችላል። ሱፐር 8 በ1947 አልነበረም፤ በ1987 ደግሞ መምህሩ ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ 1967። ተቀርጾ የነበረው እንግዲህ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ነው።

በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ምን ትመስል ነበር? ከተማዋ ገና በመወለድ ላይ ነበረች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ በ1961 ተቋቁሟል። ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1963 ተከፍቷል። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1964 ሥራ ጀምሯል። ከየአገሩ የመጡ መሐንዲሶች፣ መምህራን፣ ሐኪሞች በሐይቁ ዳር ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ትንሿን ካሜራ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ነበሩ። የቀረጹትን ግን እዚህ አያዩትም። የእኛ ጥቅል የሆነው ኮዳክሮም የተባለው ቀለም ፊልም በጥቂት የዓለም ቤተ ሙከራዎች ብቻ ነበር የሚታጠበው። ጥቅሉ በፖስታ ባሕር ተሻግሮ፣ ታጥቦ፣ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። ሲመለስም የሚታየው በቀራጩ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው። የተቀረጸው ሰው ፊቱን አያየውም።

ከዚያ ቀደም የነበረው የባሰ ነበር። የስታራቼ ጦር ኤፕሪል 1 ቀን 1936 ጎንደር ገብቶ ወደ ጣና ሲወርድ፣ የጣሊያን መንግሥት የፊልም ተቋም ሉቼ አስቀድሞ በ1935 ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አደራጅቶ ነበር። አገራችን በእነዚያ ፊልሞች የምትታየው በወራሪዋ ዓይን ነው። ሉቼ በ2012 በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ፊልሞቹን በዩቲዩብ ስለ ለቀቀ ማንም ገብቶ ሊያይ ይችላል። ከመንግሥቱ ካሜራ ጎን ደግሞ የወታደሩና የሹሙ የግል ካሜራ ነበረ። ጥንዶቹ የፊልም ሠሪዎች ዬርቫንት ጃኒኪያንና አንጀላ ሪቺ ሉኪ በ2013 «ፔይ ባርባር»፣ «አረመኔ አገር» እንደማለት፣ የተባለውን ሥራቸውን ያቀናበሩት ከእንዲህ ያሉ የግል ጥቅሎች ጭምር ነው። ቦሎኛ ውስጥ ከ2002 ጀምሮ የቤተሰብ ፊልም ብቻ የሚሰበስብ ቤተ መዛግብት አለ። አያቱ የተወለትን ጥቅል የማይፈልግ ጣሊያናዊ ወስዶ ያስረክባል፤ ይጸዳል፣ ይገለበጣል፣ ይመዘገባል። የጥቅሉ ባለቤት ስም ይጻፋል። በጥቅሉ ውስጥ በቅሎ የሚስበው ሰው ስም ግን ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ወደ ክብራን ገብርኤል ልውሰዳችሁ፤ ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ሩቅ አይደለም። በ1968፣ የእኛ መምህር ካሜራውን ይዞ በዳርቻው ሲዞር በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው፣ ኧርንስት ሐመርሽሚት የተባለ የግእዝ ሊቅ ወደ ጣና ገዳማት መጥቶ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አነሣ። የክብራንን መጻሕፍት የሚዘረዝረው ቅጽ በ1973 ታተመ። በዚያው ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ፤ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተው ቅጂያቸው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ገባ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት እነርሱን ለመዘርዘር ነው። ዛሬ ማይክሮፊልሙም በተራው ወደ ዲጂታል ተገልብጧል። ክብራን ሴት አይገባበትም፤ የገዳሙን የብራና ሥዕሎች አንዲት የባሕር ዳር ሴት ልታይ የምትችለው በዚያው ፊልም ምክንያት ነው። ይህን ሳስብ በተገለበጠ ነገር ላይ ያለኝ ንቀት ይቀንሳል።

የብራናና የፊልም ልዩነት ግን አለ። ብራና ጸሐፊ ሥራውን ሲፈጽም መጨረሻው ላይ የራሱን ስም፣ ያጻፈውን ስም፣ አንዳንዴም የአባትና የእናቱን ስም አስገብቶ ጸልዩልኝ ይላል። በሦስት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ አንባቢ ማን እንደ ደከመ ያውቃል። በእኛ ጥቅል ላይ ያለው ጽሑፍ የፋብሪካው ስም ብቻ ነበር።

ወደ ማስገልበጡ ልምጣ። ፊልም ሲያረጅ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛው ቀለሙ ይሄዳል። የዘመኑ አብዛኛው ቀለም ፊልም ዛሬ ሮዝ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ኮዳክሮም ግን ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል። ኮዳክ ምርቱን በ2009 አቆመ፤ የመጨረሻው ቤተ ሙከራም በ2010 መጨረሻ ማጠቡን ተወ። ሁለተኛው ጠላት አሴቴት የተባለው የፊልሙ አካል ሲበሰብስ የሚያመጣው ነው፤ ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥነዋል። ስለዚህ ካርቶኗን ከፍቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ማሽተት ነው። የሸተተኝ የአባቴ ሣጥን፣ ብል እንዳይበላው የተደረገበት መድኃኒትና ያረጀ ወረቀት ነበር። ዕድለኞች ነን።

ዕድሌን ግን ወዲያው አባከንኩት። አዲስ አበባ ለሥራ ስሄድ፣ አሮጌ ፕሮጀክተር አለን ወዳሉኝ ወደ አንድ ቤት ወሰድኩት። ሐሳባቸው ፊልሙን ግድግዳ ላይ አጫውቶ ግድግዳውን በቪዲዮ መቅረጽ ነው። ጥቂት ሰከንድ እንደ ሄደ ፊልሙ ተንቀረፈፈና ቆመ። የፕሮጀክተር አምፖል ብርሃኑ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም ብርቱ ነው፤ ፊልም ፊቱ ሲቆም ይቃጠላል። በግድግዳው ላይ ከሐይቁ መካከል ቡናማ ቀዳዳ ተከፍቶ ሲሰፋ አየሁ። ልጁ ደንግጦ አጠፋው፤ ከዚያ የተቃጠለውን ቆርጦ በማጣበቂያ ቀጠለልኝና መልሶ ጠቀለለው። ገንዘብም አልተቀበለኝ። ከ3,600ው ምስል የጠፋው ጥቂት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ጥንቃቄ አደረግኩ። አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር የአክስቴ ልጅ መጥቶ ሲመለስ ይዞልኝ ሄደ፤ እዚያ ፊልምን የሚገለብጡት በስካነር ነው። ጥርስ የሌለው ማሽን ፊልሙን እያንሸራተተ እያንዳንዱን ምስል ለየብቻ ፎቶ ያነሣዋል። ቃጠሎ የለም፣ መቆራረጥ የለም። በኋላ ምስሎቹ በኮምፒውተር ተደርድረው በ18 ፍጥነት ይሄዳሉ። (በዩቲዩብ የድሮ ሰዎች እንደ ጉንዳን ሲሯሯጡ ብታዩ ጥድፊያው የእነርሱ አይደለም፤ በ18 የተቀረጸውን ሰው በ25 ለቆት ነው።) ከወራት በኋላ ፋይሉ በሰው እጅ፣ በፍላሽ መጣልኝ። አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ አባቴ ያላየውን አየሁ።

መጀመሪያ ውኃ። የጣና ዳር በደንገል ተሸፍኗል፤ ሰው የሚያክል ደንገል፣ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ። ከውስጡ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ታንኳው ራሱ ከደንገል የታሰረ ነው፤ ዛሬም ይታሰራል፣ ደንገሉ ግን ከከተማው ዳርቻ ርቋል። እምቦጭ የለም። እምቦጭ በሐይቃችን መታየቱ የታወቀው በ2011 ነው፤ ያንን አረም ሳያዩ ያደጉ ዓይኖች ሐይቁን እንዲህ ያዩት ነበር። ቀጥሎ ቅዳሜ ገበያ፣ በርበሬና ጨው፣ የቆርቆሮ ምልክት የተሰቀለበት ሱቅ፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ የምትስብ ሴት። ከዚያ ጢስ ዓባይ።

ስለ ጢስ ዓባይ ትንሽ ልቆይ። እኔ የማውቀው ጢስ ዓባይ ክረምት ካልሆነ በቀር የቀጠነ ነው። በ1996 ከሐይቁ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ውኃውን ወደ ራሱ ወሰደ፤ በ2010 ጣና በለስ ከሌላ በኩል መሳብ ጀመረ። መብራታችን ከዚያ ነውና ውለታውን አልክድም። ፏፏቴው ግን ለሽማግሌዎች ወሬ ተተወ፤ እነርሱ «ጢሱ ከሩቅ ይታይ ነበር» ሲሉ ወጣቱ ተረት ያደርገዋል። በፊልሙ ላይ ከ45 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚወርደው ውኃ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ ካሜራው ለስምንት ሰከንድ ብቻ ይቆምና መስተዋቱን ጢሱ ያረጥበዋል፤ ምስሉ ይደበዝዛል። ያቺ ድብዝዝታ የሽማግሌዎቹ ምስክር ናት።

በመጨረሻ አንድ ልጅ። ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ሐይቁ ዳር ቆሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ በውኃው ላይ ያስኬዳል፤ ድንጋዩ ሦስቴ ይዘላል፤ ልጁ ዞሮ ይስቃል። ስድስት ሰከንድ። አባቴ ነው ብዬ አለቀስኩ። አንድ ግጥምም ጻፍኩለት። በማግስቱ ቀደድኩት፤ ምክንያቱን ለመናገር ወደ እታባ መሄድ አለብኝ።

እታባ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው፤ ሰማንያ አልፈዋል። ላፕቶፑን በጉልበታቸው ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ታንኳዎቹን እያዩ ባለቤቶቹን በአካሄዳቸው ይጠሩ ጀመር። ከዚያ ልጁ ሲመጣ ዝም አሉ።

«አባትህ አይደለም» አሉ። «አባትህማ ያኔ ጎረምሳ ነበር። ይህ የታናሻችንን መልክ ይመስላል። ግን እሱም አይደለም።»

«ለምን እታባ?»

«እሱ ግራኝ ነበር፤ ይህ በቀኙ ነው የሚወረውር። ደግሞም ልጄ፣ ሐይቁ በዚህ በኩል አይደለም።»

ይህ አጎቴ በቤታችን ብዙ አይነሣም። በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያ ሆኖ ታጠቅ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ኦጋዴን፤ አልተመለሰም። አንድም ፎቶግራፍ የለውም። የሐይቁን ነገር የተናገሩትን የዓይናቸው ድካም አድርጌው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ጢስ ዓባይን ለባልደረባዬ ላሳየው ስል ገበያው ላይ አቆምኩት። የሱቁን የቆርቆሮ ምልክት ላነብ ሞከርኩ፤ አልነበብ አለኝ። ፊደሉ የእኛ ነው፤ ግን የሚያውቁትን ሰው ጀርባውን ሰጥቶ እንደ ማየት ነው። «ሱቅ» የሚለው ቃል ከቀኝ ወደ ግራ ተጽፏል። ዕድሜዬን ፊርማ ሳመሳክር የኖርኩ ሰው ይህን አላየሁም! ነገሩ በኋላ ተገለጠልኝ። ያ የአዲስ አበባው ልጅ የተቃጠለውን ቀጥሎ ሲጠቀልል ጭራውን ወደ ላይ አድርጎታል። የሜሪላንዱ ባለ ስካነር ጫፉን ሲያገኝ ከመጨረሻው ጀመረ፤ ጥርሱ ቀዳዳ በትክክለኛው ወገን እንዲውል ፊልሙን ገልብጦ አስገባው። ምስሉ ተዘቅዝቆ ሲወጣ አዙሮ አቀናው፣ ቅደም ተከተሉንም መለሰው። የፊልሙ ፊትና ጀርባ ተለዋውጦ ግራው ቀኝ መሆኑን ግን አላወቀም። በምን ያውቃል? ፊደሉን አያነብ፣ ሐይቁን አያውቅ። ያወቁት እታባ ነበሩ፤ እኔ ናቅኋቸው።

ማስተካከሉ በኮምፒውተር አንድ ቁልፍ መጫን ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ አሳየኋቸው። ሐይቁ በቦታው፣ ሱቁ በቦታው። ልጁ በግራው ወረወረ፤ ድንጋዩ ሦስቴ ዘለለ፤ ዞሮ ሳቀ። እታባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «አቁምልኝ» አሉ። አቆምኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ «ፈረንጁ ለአባትህ፣ ወንድምህ እዚህ ውስጥ አለ ብሎት ነበር» አሉኝ። «እኛ እንዴት ሆኖ እያልን ሳቅንበት።»

አሁን እሑድ እሑድ አብረን እንቀመጣለን። እርሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ ደቂቃውንና ሰከንዱን ከስሙ ጋር በደብተር እጽፋለሁ። የአራት ሰው ስም አግኝተናል፤ ሁለቱ ታንከኞች ናቸው። ጊዜ ሲተርፈን የእኔን ልጅነት ካሴቶች እንነጋገራለን፤ የእኛ የራሳችን የቤተሰብ ፊልም የሠርጉ ቪዲዮ ካሴት ነውና። የእናቴና የአባቴ ቤት ሁለት አለው፤ አንዱ በሻጋታ ነጥሯል። ማግኔቱ ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል፤ የማጫወቻው ማሽን የመጨረሻ ፋብሪካ በ2016 ምርቱን አቁሟል። የ1960ው የፈረንጅ ጥቅል የ1990 ዓ.ም. ሠርጋችንን ሊቀብር ነው። በሚቀጥለው ደመወዜ የሚጫወት ማሽን መፈለግ እጀምራለሁ።

ገበያው ውስጥ ነጠላዋን ወደ ፊቷ የምትስበውን ሴት ግን እታባ እስካሁን አላወቋትም። ከግሽ ዓባይ ሠፈር አንዲት የዕድሜ እኩያቸው አሉ፤ ለፊታችን እሑድ እንዲመጡ ልከንባቸዋል።